የጋሽ ደምሴ ጓሳ

ጋሽ ደምሴ ማረፋቸውን ሊነግረኝ የመጣውን ሰው አላዳመጥኩትም ነበር። የአንድ ገበሬ የውኃ መሳቢያ ሞተር አስነሥቼ አጠገቡ ቁጢጥ ብያለሁ፤ ጎረቤታችን በሩ ላይ ቆሞ ከንፈሩን ሲያንቀሳቅስ ብቻ ይታየኛል። በእጄ "ቆይ" አልኩት። ቀዝቃዛ ሞተር ከተነሣ ሳይሞቅ አይጠፋም፤ ይኼ የጋሽ ደምሴ ሕግ ነው። ሰውየው ቆቡን አውልቆ ጠበቀ። ብረቱን በመዳፌ ዳሰስኩት፣ ሲሞቅልኝ አጠፋሁትና "ምን ሆንክ?" አልኩት።

"ጋሽ ደምሴ ዐረፉ" አለኝ። "ነፍስ ይማር።"

አለቀስኩ፤ ግን ከልቅሶዬ ቀድሞ የመጣብኝ ሳቅ ነበር። መርዷቸውን እንኳ ሞተር እስኪሞቅ አስጠብቄ መስማቴን ቢያውቁ ምን ያህል ደስ እንደሚላቸው ታየኝ። "አየሽ አስካል፣ አሁን ገና ገባሽ" ይሉኝ ነበር።

እኔ በያጅ ነኝ። ሞተር ሥራዬ አይደለም፤ ከእሳቸው ጋር አንድ ግቢ ስለዋልኩ የተጋባብኝ ነገር ነው። ዘመሮ ላይ ከገበያው ወረድ ብሎ ባለው የቆርቆሮ ግቢ ግራው የኔ፣ ቀኙ የእሳቸው ነበር። በመጀመሪያው ሰሞን አልተስማማንም። የኔ የብየዳ ፍንጣሪ ወደ ቤንዚናቸው ይበራል፤ የእሳቸው ሞተር ጩኸት ደግሞ ደንበኞቼ የሚሉትን አያሰማኝም። አንድ ቀን መሐላችን ላይ ቆርቆሮ እንድተክል ጠየቁኝ። "ቆርቆሮውን እርስዎ ያምጡ፣ እኔ እበይደዋለሁ" አልኳቸው። አመጡ። ስበይደው አጠገቤ ቆመው ሲያዩ ቆዩና ሲያልቅ ጫፉን በጣታቸው ዳሰሱት።

"ብየዳሽ ጥሩ ነው። ጠርዙን ግን ስል አድርገሽ ተውሽው።"

"የቆርቆሮ ግርዶሽ ነው እኮ ጋሼ። ማን ይነካዋል?"

"እኔ ነካሁት" አሉና ሞረድ አምጥተው ከጫፍ እስከ ጫፍ አለሰለሱት። ግማሽ ቀን ፈጀባቸው። ያን ቀን ሰውየውን ትንሽ ነካ ያደርጋቸዋል ብዬ ደመደምኩ።

ነገሩ የገባኝ ቆይቶ ነው። ሞተር ውስጥ ስንጥቅ የሚጀምረው ከስል ጥግ ነው። እሳቸው የፈቱትን ሞተር ሲመልሱ የማይታየውን ጥግ ሁሉ፣ ፒስቶኑን ከውስጥ፣ የዘይት ቀዳዳዎቹን አፍ፣ በደቃቅ ሞረድና በብርጭቆ ወረቀት ያለሰልሱ ነበር። ፒስቶኑን ከብር አንጥረኛው በተዋሱት ሚዛን ይመዝናሉ፣ ትንሽ ይሞርዳሉ፣ ደግመው ይመዝናሉ። እኔ ከማዶ ሆኜ "ጋሼ፣ ፒስቶን ነው ወይስ የሙሽራ ጌጥ?" እላቸዋለሁ። ቀና ሳይሉ "ጌጥ ቢሆን እንዲህ አልጨነቅም ነበር፤ ጌጥ አይሮጥም" ይሉኛል።

ተወላጅነታቸው እዚሁ መንዝ ነው። በወጣትነታቸው አዲስ አበባ ገብተው ከጋራዥ ጋራዥ ሲሠሩ ኖረው፣ መጨረሻ ላይ ጎ ካርት የሚነዳበት ቦታ ተቀጠሩ። ካርት ማለት ከመሬት ስንዝር ብቻ ከፍ ብላ የምትሮጥ፣ ጣሪያም በርም የሌላት ትንሽ የእሽቅድምድም መኪና ናት። ሞተሯ የልብስ ስፌት መኪና ቢያህል ነው፤ ግን በደቂቃ ከአሥር ሺህ ዙር በላይ ትዞራለች። ጋሽ ደምሴ ይኼን ሲያስረዱኝ "ዐይንሽን ጨፍነሽ ግለጪ" አሉኝ። ጨፍኜ ገለጥኩ። "አሁን ፒስቶኑ ስንት ጊዜ ወጥቶ እንደወረደ አንቺም እኔም አላየንም። ያላየሽውን ነገር ነው እንግዲህ የምታምኚው።"

እዚያ ሲሠሩ ሌላ መካኒክ ለፍጥነት ብሎ ከልክ በላይ የሞረዳት ሞተር በውድድር መሐል ፒስቶኗ በሙቀት አብጦ ሲሊንደሯ ውስጥ ተጣበቀ። ካርት ላይ ሞተሩ ከኋላ እግሮቹ፣ ማለት ከጎማዎቹ፣ ጋር በካቴና ስለተያያዘ ሞተሩ ሲያዝ እግሮቹም እየዞሩ ሳሉ ይያዛሉ። የሚነዳው ልጅ ተገልብጦ ዳሌው ተሰበረ። ሞተሯን የሠሩት እሳቸው አልነበሩም፤ ልጁን ከአስፋልት ላይ ያነሡት ግን እሳቸው ናቸው። ከዚያ ወዲህ ሰው ስለ ሞተር አንሥቶ "ይሄዳል፣ ይበራል" ሲላቸው መልሳቸው አንድ ሆነ። "መሄዱን ተወው። ይመለሳል ወይ?"

ወደ ዘመሮ የተመለሱት ባለቤታቸው እትዬ ሙሉ "ከእንግዲህ የአገሬን ብርድ ነው የምፈልገው" ስላሉ ነው። ብርዱን እንደልባቸው አገኙት። ጋሽ ደምሴ ግን በየማታው ግቢውን ከመዝጋታቸው በፊት እጃቸው ላይ ያለውን ሞተር በባና ይሸፍኑታል። ባናው የእትዬ ሙሉ ነው፤ ከመንዝ በግ ጠጉር የተሠራ፣ ሁለት ሰው የሚያሞቅ። "እኔ በብርድ ስንቀጠቀጥ ባናዬን ለብረት ያለብሳል" ይላሉ እትዬ ሙሉ ላገኙት ሰው ሁሉ። "ምን ያድርግ፣ ብረቱ መልስ አይሰጠውማ።" ጋሽ ደምሴ ይስቃሉ እንጂ ባናውን አይመልሱም።

አሁን ወደ ወንድሜ ልምጣ። ገዛኸኝ ታናሼ ነው። ያኔ ከዘመሮ ወደ ቀየት በሞተርሳይክል ሰው እያመላለሰ ይሠራ ነበር። ሰው ሁሉ ይወደዋል፤ አብሮት የተሳፈረ ግን ሁለተኛ አይሳፈርም። ቁልቁለት ላይ ፍሬን መያዝ ፈሪነት ይመስለዋል። አንድ ጊዜ ወድቆ የአንገት አጥንቱ ተሰብሮ ተነሣ፤ አልተማረም። እናቴ ማታ የሞተሩን ድምፅ እስክትሰማ እራት አይወርድላትም ነበር። እኔ እሱን መምከር ትቼ ሞተርሳይክሉን ማቃናት ሥራዬ ብዬ ይዣለሁ።

በዚያ ዓመት ከገደሉ በታች ያለ የቆላ ከተማ ወጣቶች ለመኪና ገና ባልተከፈተ አስፋልት ላይ የካርት ውድድር አሰናዱና በየአካባቢው ላሉ ጋራዦች መልእክት ላኩ። እያንዳንዱ ከተማ በራሱ እጅ አንድ ካርት ሠርቶ ይዞ ይውረድ፤ ሞተሩ ከመንገድ ሞተርሳይክል የወጣ ይሁን፤ ሌላ ሕግ የለም። ገዛኸኝ ወሬውን በሰማ ቀን እኔ ጋ መጥቶ "ቻሲውን ትበይጅልኛለሽ፣ ሞተሩን ጋሽ ደምሴ ይሠሩልኛል፣ እኔ እነዳለሁ" አለኝ። እኔን መጠየቁም አልነበረም፤ ማስታወቁ ነው።

ጋሽ ደምሴ እንቢ አሉት። ደጋግሞ ሄደ፣ ደጋግመው እንቢ አሉት። የእሽቅድምድም ሞተር ላለመሥራት ከራሳቸው ጋር ተስማምተው ነው የመጡት። የኋላ ኋላ ሐሳባቸውን ያስለወጠቻቸው እናቴ ናት። አንድ ጠዋት ነጠላዋን መስቀልያ አጣፍታ ግቢያችን ገባችና እኔን ሰላም ሳትል በቀጥታ ወደ እሳቸው አለፈች።

"ወንድምዓለም፣ ይኼ ልጅ አንተ ጋ መመላለስ አብዝቷል አሉ።"

"አብዝቷል።"

"አንተ ባትሠራለት ሌላ ሰው ይሠራለታል።"

"ይሠራለታል።"

"እንግዲያው አንተው ሥራለት። የሚመልሰው አድርገህ ሥራለት።"

ጋሽ ደምሴ እጃቸውን በጨርቅ ሲጠርጉ ቆዩ። "እሺ፣ እህትዓለም" አሉ። እናቴ ወጣች። እኔ ከቆርቆሮው ማዶ ሆኜ ሰማሁት። እሷ ልጇን ከኔ ይልቅ ለእሳቸው አደራ ሰጠች፤ ደግሞም ልክ ነበረች።

ሥራው ክረምቱን ጨረሰ። እኔ ቧንቧ እያጎበጥኩ ቻሲውን ስበይድ፣ እሳቸው ሞተሩን ፈትተው እያንዳንዱን ዕቃ ሲያለሰልሱ፣ ገዛኸኝ መሐላችን ቆሞ "መቼ ይነሣል?" ሲል ከረመ። ሲነሣም አልነዳውም። ጋሽ ደምሴ ሞተሩን እንደ አዲስ ሸክላ ቀናት ወስደው አሟሹት። በዝግታ ያስነሡታል፣ ያጠፉታል፣ ዘይቱን በነጭ ጨርቅ ላይ አፍስሰው ፀሐይ ላይ ያዩታል፤ የብረት ብናኝ ብልጭ ካለ ከመጀመሪያው ይፈቱታል። ሁለት ጊዜ ፈቱት። ገዛኸኝ ሁለተኛው ጊዜ ላይ ሊያለቅስ ምንም አልቀረው።

ሁሉም ሲያልቅ ጠሩኝ። በነዳጅ መስጫው ፔዳል ጀርባ አንዲት ትንሽ ብረት እንድበይድ አዘዙኝና እዚያ ላይ ጠንካራ ሞላ አስገቡ። ሞላ የምንለው ተጭነው ሲለቁት የሚመለሰውን ጥቅልል ሽቦ ነው። ፔዳሉ ሲረገጥ መጀመሪያ በቀላሉ ይሄዳል፤ መጨረሻው አካባቢ ሲደርስ ይኼ ሁለተኛ ሞላ ይቀበለውና ይከብዳል።

"ይኼ ለምንድን ነው ጋሼ?"

"ጓሳ ነው" አሉኝ። ገዛኸኝን ጠርተው አስቀመጡት። "እስቲ ርገጥ። ምን ተሰማህ?"

"ከባድ ነገር መጣ።"

"ብትጫነው ያልፋል አይደል?"

ተጫነው። "ያልፋል።"

"ጓሳስ አጥር አለው?"

"የለውም።"

"ታዲያ ሳሩ በተዘጋበት ጊዜ በጎችህን ለምን አታስገባም?"

ገዛኸኝ ሳቀ። ጓሳን የማያውቅ መንዜ የለም። ያ ሁሉ አምባ፣ ያ ሁሉ ሣር፣ አጥር ሳይኖረው በቃል ብቻ ተዘግቶ ይከርማል፤ ሽማግሌዎቹ ተነጋግረው ተከፍቷል ሲሉ ሰው ማጭዱን ይዞ ይወጣል። "ይቀጡኛላ" አለ።

"እዚህ የሚቀጣህ ሽማግሌ አይደለም። ሞተሩ ከተያዘ ትገለበጣለህ። ከዚህ ሞላ ወዲያ ጓሳ ነው። ዝግ ነው።"

"መቼ ነው የሚከፈተው?"

"ከመንገዱ ዳር እቆማለሁ። ጋቢዬን አውልቄ ከፍ ካደረግሁ ተከፍቷል ማለት ነው፤ ያኔ ግባ።"

"ካላወለቁስ?"

"ካላወለቅሁ በርዶኛል ማለት ነው" አሉት።

ልምምዱ ጓሳ ላይ ባለው ሜዳ መንገድ ነበር። እዚያ አየሩ ስስ ነው፤ ጋሽ ደምሴ በካርቡሬተሩ ውስጥ ቤንዚኑን የምታሳልፈውን ትንሽ የነሐስ ብሎን ቀዳዳዋ በጠበበ ለውጠው ሞተሩን ለደጋ አስተካከሉት። ዘፈነ። እውነቴን ነው፣ ብረት ሲዘፍን የሰማሁት ያኔ ነው። የገዛኸኝ ጓደኞች ያንን ድምፅ ከሰሙ ወዲህ ሞተሩን ሰው እንዲነካባቸው አልፈለጉም።

ውድድሩ ሲደርስ ልጆቹ ካርቱን በጭነት መኪና ጭነው ቀድመው ወረዱ። ጋሽ ደምሴ በዓል ስለነበር ቅዳሴ ሳላስቀድስ አልሄድም አሉና እኔና እሳቸው በማግስቱ በአውቶቡስ ተከተልን። ጋቢያቸውን እንደለበሱ ናቸው። ቆላው ስንደርስ ሙቀቱ በመስኮት ገብቶ አንቆ ያዘን። ከአውቶቡስ ወርደን ሁለት እርምጃ ሳንሄድ ከሩቅ የሞተራችን ድምፅ ተሰማ። ጋሽ ደምሴ ቆሙ።

"በየትኛው ብሎን ነው የሚነዱት?"

"ሳይለውጡት አይቀሩም" አልኩ።

"አልለወጡትም። ድምፁ ደርቋል" አሉና መራመድ ብቻ ሳይሆን መሮጥ ጀመሩ። በዚያ ዕድሜያቸው ሲሮጡ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

ገዛኸኝ ከሁሉ ፈጥኖ እየዞረ ጓደኞቹ ያጨበጭቡለታል። ጋሽ ደምሴ መሐል መንገድ ገብተው አስቆሙት። የብሎን መፍቻ ተቀብለው ቤንዚኑን የሚያቀጣጥለውን ካንዴላ ፈቱና አፉን ለሁላችን አሳዩን። እሳት የሚያወጣው ጫፍ እንደ ጨው ነጥቷል። "የተቆላ ገብስ መምሰል ነበረበት" አሉ ቀስ ብለው። "ጥቁር ከሆነ ቤንዚን በዝቶበታል። ነጭ ከሆነ አንሶት እየተቃጠለ ነው። እዚህ አየሩ ወፍራም ነው፤ በደጋው ብሎን ሲሄድ ይጠማዋል። ትንሽ ቆይቼ ብመጣ ይኼን ልጅ በቃሬዛ ነበር የማገኘው።" ሰፊ ቀዳዳ ያላትን ብሎን ከኪሳቸው አውጥተው ገጠሙ። ድምፁ ወፈረ፤ ዘፈኑ ቀረ። የልጆቹ ፊት ጠቆረ።

"አሁን እኮ ከበደ ጋሼ" አለ ገዛኸኝ።

"ከበደ። ግን ይመለሳል።"

የውድድሩ ቀን ፀሐዩ ሌላ ነበር። ሰይድ የሚባል የዚያው ከተማ የጎማ ነጋዴ መታጠፊያዎቹን ሁሉ በአሮጌ ጎማ አጥሮልን፣ ለእንግዳ ሽማግሌ ብሎ ለጋሽ ደምሴ ወንበርና ጥላ አቀረበ። እሳቸው ጥላውን ትተው ገዛኸኝ ሊያያቸው በሚችልበት መታጠፊያ ላይ፣ ፀሐይ ላይ ቆሙ። ጋቢያቸውን እስከ አንገታቸው ተከናንበዋል። ሰዉ በስስ ሸሚዝ ላብ እያጠመቀው እሳቸውን ያያል፣ ይጠቋቆማል፣ ይስቃል። እኔም ሳቄን መቆጣጠር አቃተኝ፤ ላቡ ከግንባራቸው በጢማቸው ላይ ይንጠባጠባል።

ካርቶቹ ተለቀቁ። ገዛኸኝ መጀመሪያ ኋላ ቀረ፤ ሌሎቹ እንደተለቀቁ ሙሉ ነዳጅ ሰጥተዋል። በእኛ መታጠፊያ ባለፈ ቁጥር ዐይኑ ጋቢው ላይ ነው። ጋቢው ከቦታው አይነቃነቅም። ሙቀቱ እየበረታ ሲሄድ አንዱ ካርት መጨስ ጀመረ፣ አንዱ ዳር ይዞ ቆመ። ገዛኸኝ እያለፋቸው ሦስተኛ ሆነ። ከዚያ ከፊቱ የነበረው የሌላ ከተማ ልጅ፣ ሞተሩ ድንገት ተይዞ የኋላ እግሮቹ ጮኹ፣ ካርቱ እየተሽከረከረ የሰይድ ጎማዎች ውስጥ ገባ። ሰዉ ኡኡ አለ። ልጁ ክርኑ ተልጦ በእግሩ ወጣ። ያ ልጅ ገዛኸኝ ሊሆን ይችል ነበር።

አሁን ከገዛኸኝ ፊት የቀረው አንድ ብቻ ነው፤ የዚያው ከተማ ልጅ። የመጨረሻው ዙር ነው። ርቀታቸው ጥቂት ነው፤ ጓሳ ቢከፈት እንደሚያልፈው ለኔም ለልጅም የሚታይ ነገር ነበር። በዚያች ሰዓት ሰይድ ውኃ ይዞ መጣ። አዘነላቸው። "አባባ፣ ኧረ ሊገድልዎት ነው ይኼ ጋቢ፤ አምጡ ልያዝልዎ" ብሎ ከትከሻቸው ላይ ጫፉን ያዘ። ገዛኸኝ መታጠፊያውን ዞሮ ወደ እኛ ብቅ አለ።

ጋሽ ደምሴ ጋቢውን በሁለት እጃቸው ከደረታቸው ጋር ጨምድደው ያዙት። "ልቀቀኝ ልጄ። ይበርደኛል" አሉ።

ሰይድ ግራ ገብቶት ለቀቃቸው። ገዛኸኝ ዐይቶ አለፈ። ሁለተኛ ወጣ።

ከካርቱ ሲወርድ ሄልሜቱን መሬት ላይ ወረወረው። "አሸንፌ ነበር! ቢያወልቁት አሸንፌ ነበር!" ጋሽ ደምሴ ሞተሩን በመዳፋቸው ዳሰሱት፣ ቀጥሎ የልጁን ትከሻ ዳሰሱት፤ እሱ ሸሸ። እኔም ተናድጄ ነበር፤ ለምን እዋሻለሁ። ስንመለስ አውቶቡስ ላይ አጠገባቸው ተቀምጬ እስከ ደጋው አፍ አላወራኋቸውም። ጋቢው በላብ ርሶ ጭናቸው ላይ ተጠቅልሏል፤ ብርዱ ሲጀምር ሊለብሱት አልቻሉም። ያኔ ነጠላዬን አውልቄ ትከሻቸው ላይ ጣልኩላቸው። "ተይው፣ አሁን እኮ አልበረደኝም" አሉኝ፤ ሁለታችንም ሳቅን።

እናቴ ደጃፍ ቆማ ጠበቀችን። ስንተኛ ወጣ ብላ አልጠየቀችም። ገዛኸኝ በእግሩ ሲመጣ አየችና ወደ ጓዳ ገባች፤ እራት ልታቀርብ ነው።

ኩርፊያው አልቆየም። ካርቱ እኛ ግቢ ቀረ፤ በየበዓሉ ልጆቹ ጓሳ ላይ እያወጡ ይነዱታል፣ ጋሽ ደምሴም አብረው ወጥተው መንገድ ዳር ይቆማሉ። ገዛኸኝ በአጠገባቸው ሲያልፍ ፍጥነቱን ቀንሶ ይጮኻል፤ "ጋሼ፣ ዛሬም በርድዎታል?" እሳቸውም "ዛሬም በርዶኛል" ይሉታል። የሁለቱ ጨዋታ ሆነ። ጓሳ ላይ ደግሞ እውነትም ይበርዳል።

በእነዚያ ዓመታት ወንድሜ ተለወጠ። መቼ እንደተለወጠ ልነግራችሁ አልችልም። ቁልቁለት ላይ ፍሬን መያዝ ጀመረ፤ ሚስት አገባ፤ የቀየት ነጋዴዎች እሱን እየመረጡ መሳፈር ጀመሩ። አንድ የጥምቀት ሰሞን ካርቱን ሲነዳ ጋሽ ደምሴን ቀና ብሎም ሳያይ አለፈ። እኔ የከፋቸው መስሎኝ ፊታቸውን አየሁ። ፈገግ ብለዋል።

"ዛሬ ሳያየኝ አለፈ" አሉ።

"ረስቶ ነው እንጂ ንቆዎት አይደለም ጋሼ።"

"አውቃለሁ" አሉና ጋቢያቸውን ሰብስበው ወደ ቤት ሄዱ።

ታመው ከተኙ በኋላ አዘውትሬ እጠይቃቸው ነበር። ባናው መጨረሻ ላይ ወደ አልጋቸው ተመልሷል፤ እትዬ ሙሉ "ባናዬን ለሞተሩ አልብሶ አልብሶ፣ ቀንቶበት ነው የታመመው" እያሉ ያሥቁናል። አንድ ከሰዓት ብቻችንን ስንሆን ክንዴን ያዙኝ።

"አስካል፣ ያ ሞተር ያን ቀን ይችል ነበር።"

"የቱ?"

"የገዛኸኝ። ቆላ ላይ። ከሞላው ወዲያ ቢገባ ምንም አይሆንም ነበር።"

ውስጤ የቆየው ንዴት ብልጭ አለብኝ። "ታዲያ ለምን? አሸንፎ ነበር እኮ!"

"አሸንፎ ይሆናል። እጁን አላየሽም። መሪውን አንቆ ነበር የያዘው፤ ዐይኑ ከፊቱ ያለው ልጅ ላይ እንጂ መንገዱ ላይ አልነበረም። ሞተሩ ይችላል፣ እሱ አይችልም ነበር።" ትንፋሻቸውን ሰበሰቡ። "የእናትሽም አደራ አለ።"

"ቢገባስ ኖሮ? ቃሉን ቢያፈርስ?"

"ቢገባስ ብዬ ነዋ እንደዚያ አድርጌ የሠራሁት" አሉኝ።

ያ ሁሉ ክረምት፣ ያ ሁሉ መሞረድና መመዘን፣ የተዘጋውን በር ልጁ ቢጥሰው እንኳ እንዳይሞት ነበር። ደግሞ እንደማይጥሰው አምነው ፀሐይ ላይ ቆሙ። እጃቸውን ሳምኩት።

"ታዲያ በኋላስ ለምን አልከፈቱለትም? ልጁ ከታረመ ስንት ዘመኑ ነው።"

ዐይናቸው ሳቀ። "መጠየቁን ወደድኩታ" አሉ። "ዛሬም በርድዎታል ሲለኝ ደስ ይለኝ ነበር። አሁን አንቺ ክፈቺለት።"

ተቀበሩ። አርባቸው በወጣ ማግስት እትዬ ሙሉ ጋቢውን አጥበው፣ አጣጥፈው ሰጡኝ። "አደራ ብሎሻል አይደል" አሉኝ። ለገዛኸኝ የሰማሁትን ሁሉ ነገርኩት። መሬት መሬት ሲያይ ቆየና "ካንዴላውን አዲስ ላድርግለት" አለ።

ጓሳ ወጣን። እናቴም አልቀርም አለች፤ ድንጋይ ላይ ተቀመጠች። ገዛኸኝ ሞተሩን አስነሥቶ በዝግታ አሞቀው፤ በመዳፉ ዳሰሰው፤ እኔም ዳሰስኩት። ከዚያ መንገዱን ይዞ ወርዶ ዞረና ወደ እኛ መጣ። ከሩቅ ቀና ብሎ አየኝ። ፊቱ አሁንም የዚያን ጊዜው ልጅ ፊት ነበር። ጋቢውን ከትከሻዬ አውልቄ በሁለት እጄ ከራሴ በላይ ከፍ አደረግሁት፤ ነፋሱ ሊቀማኝ ታገለኝ።

የሞተሩ ድምፅ ተለወጠ። ያንን ድምፅ ማናችንም ሰምተነው አናውቅም። በፊታችን አልፎ ከጉብታው ኋላ ተሰወረ፤ ድምፁ ቀጠነ፣ ጠፋ። ነፋሱ ብቻ ቀረ። እናቴ ከተቀመጠችበት ተነሣች። እኔ ጋቢውን ደረቴ ላይ ጨምድጄ ይዤዋለሁ፤ ሰይድ ሊያወልቃቸው ሲል እሳቸው እንደያዙት።

ከዚያ ከጉብታው ማዶ ተሰማ፤ መጀመሪያ በጣም ቀጥኖ፣ ከዚያ እየወፈረ፣ ያው እንደሄደው።

ገዛኸኝ አጠገባችን አቁሞ ሞተሩን አጠፋ። ካንዴላውን ፈታና በጨርቅ ይዞ መዳፌ ላይ አስቀመጠልኝ። ይሞቃል። አፉን ወደ ብርሃኑ አዞርኩት፤ የተቆላ ገብስ ይመስላል።

"ምን ይላል?" አለችኝ እናቴ።

"ተመልሷል" አልኳት።